የማያድጉት ልጆችና ክቡር ጀማሉ

ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ የሚመደበው አስፈራሪ ነው፤ ውሃና መብራት ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ያለው የእኛ ሰፈር ውሃውም መብራቱም ገና እየታሰበለት ነው። አስፈራሪው ግን በሰዓቱ ደርሶልናል። ክቡር ጀማሉ ይባላል፣ የመተማ ልጅ ነው፣ ዱካን አለው። ስኳር፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ፍርሃት ምርቃት ነው።

«እኔ ወሬ አልወድም» ይላል ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ። ይህን ካለ መቀመጫ መፈለግ ነው፤ ቶሎ አይለቅህም።

ባለፈው ክረምት ፋው ከሚባል ከተማ የመጣ የማሽላ ጆንያ ውስጥ የሚያለቅስ ነገር ሰማሁ ብሎ ሰፈሩን ግልብጥ አድርጎ አስወጣው። ጆንያው ሲፈታ ድመት ዘላ ወጣች። ሁላችንም ሳቅን። ክቡርነታቸው ግን ንቅንቅ አላሉም፦ «አዎ፣ አሁን ድመት ናት።»

ትልቁ ሥራው ግን እትዬ ለተሃይማኖት ናቸው። ከትግራይ የመጡ ሴት ናቸው፤ ከዱካኑ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ለቅሶ አይደርሱ፣ ሠርግ አይሄዱ፣ ሰው አያስገቡ። ሰላም ብትላቸው ጉንጫቸውን እንደመታሃቸው ያህል ዞር ይላሉ። ሱዳን አገር በር ዘግቶ መቀመጥ ብቻውን ወንጀል ነው፤ በዚያ ላይ ባል ሳይኖር፣ ዘመድ ሳይኖር፣ እቤታቸው ልጆች አሉ።

«ሲገቡ አይተሃቸዋል?» ይላል ጀማሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጥንታቸው ወጥቶ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ። ትቀልባቸዋለች። ጉንጫቸው ሞላ ሲል፣ የሉም! ወላሂ እኔ ወሬ አልወድም፤ ግን የት ሄዱ?» ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ያይና ዋናውን ያወጣዋል። «ደግሞ አያድጉም። ያቺ ቀይ ቀሚስ የምትለብሰው ልጅ፣ ይህን ዱካን ከከፈትኩ ጀምሮ ሰባት ዓመቷ ነው።»

እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ በር አያሳልፉም። ውሃ የሚያመላልሰው ባለ ጋሪ እዚያ ሲደርስ አህያውን ይገርፋል። እኔም ብሆን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ጥላውን ትቼ በፀሐዩ በኩል ነበር የማልፈው።

አንድ ጠዋት ወባ ጥሎኝ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ለተሃይማኖት ሰልፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ባለ ቀይ ቀሚሷ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፣ አንድ ከሲታ ልጅ ደግሞ ትከሻቸውን ተደግፏል።

«ምን ታፈጣለህ? ካላዛር ነው፤ ሆድ የሚነፋው በሽታ» አሉኝ። «መርፌው በየቀኑ ነው፤ ከስደተኛ ካምፕ ተመላልሰው አይችሉትም። እኔ ጋ ያድራሉ፤ ሲድኑ ወደ እናታቸው ይሄዳሉ። ከዚያ ሌሎች ይመጣሉ።»

«ቀሚሱስ?» አልኩ እንደ ሞኝ።

«በየተራ ለመጣችው ሁሉ ነዋ! ታጥቦ ነው!»

«በሩስ ለምን ይዘጋል?»

«ሰው ስለማልወድ።»

መድኃኒቴን ሳልውጥ ወደ ጀማሉ በረርኩ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ያፈረ መሰለኝ። «ይኼማ ወሬውን ያበላሸዋል» አለና ለሚቀጥለው ደንበኛ ከመጀመሪያው ጀመረለት። ንድድ አልኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ወሬህ አንድ ቀን ሴትዮዋን ያስባርራታል!» ብዬ ትቼው ወጣሁ።

ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ገዳሪፍ ውስጥ ቤት ማግኘት ጭንቅ ሆኗል። አንድ ቀን እትዬ ለተሃይማኖት የተከራዩት ቤት ባለቤት ሐጅ ሙዳሲር፣ አንድ የካርቱም ነጋዴ ከነሚስቱ በመኪና ይዘው መጡ። ቤቱን ሊሰጡት ነው። እትዬ ለተሃይማኖት ልጆቹን ይዘው ለመርፌ ሄደዋል፤ እስኪመለሱ ሐጅና ነጋዴው ጀማሉ ጋ አረፍ አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩ። መርፌው ገና አላለቀም። ሴትዮዋ ከተባረሩ ልጆቹ ወደ ካምፕ ይመለሳሉ፤ መርፌው ከተቋረጠ ደግሞ ይሞታሉ። ሐጅን ልለምን አፌን ስከፍት ጀማሉ እግሬን ረገጠኝ።

ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ። «ሐጅ፣ እኔ ወሬ አልወድም» አለ።

አለቀልን አልኩ በልቤ።

ሁሉንም ተረከው፤ ሆዳቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ቀይ ቀሚሱን። ከዚያ እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ጨመረ። «በሩን የምትዘጋው ሰው እንዳይገባ መስሎዎታል? እነሱ እንዳይወጡ ነው! የሷን ቃል ብቻ ነው የሚሰሙት። እሷ የለቀቀች ቀን፣ አዲስ ገቢውን ጨርሰው በቀጥታ የሚሄዱት ወደ ባለቤቱ ቤት ነው።»

የነጋዴው የሻይ ብርጭቆ እጁ ላይ ቀረ። ሚስቱ ገና መኪናው ውስጥ ናት፤ በመስኮት ስትሰማ ቆይታ «አልወርድም!» ብላ ጮኸች። ሐጅ ሙዳሲር ሙስበሓቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዶቃውን መቁጠር ጀመሩ።

«ትኑር» አሉ። «እስከፈለገች ድረስ ትኑር።»

መኪናው ሲሄድ ጀማሉ ላቡን ጠረገ። ግንባሩን ልስመው ነበር። «ምን ትገተርብኛለህ? የምትገዛው ከሌለ ዞር በል!» አለኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለ ቀይ ቀሚሷ ሳሙና ልትገዛ መጣች።

«ስምሽ ማነው?» አላት።

«ፊዮሪ።»

«መርፌው ያማል?»

«ያማል። አደይ ለተ ግን እጄን ይዛኝ ነው የምወጋው።»

ሳሙናውን ሰጣትና እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ጨመረላት። መንገዱን ተሻግራ በሩ ከኋላዋ እስኪዘጋ ቆሞ አያት። ከሾዋክ ከተማ ከመጣ አውቶቡስ የወረደ አንድ እንግዳ ሰው ሲጋራ እየገዛ ነበር።

«የማን ልጅ ናት?» አለ።

ጀማሉ እኔን አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቶ ዓመት አልፏታል።»

ሰውዬው ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ።

«እውነቱን ነው» አልኩት። «አያቴ ያውቋት ነበር።»