ክቡር ከዜሮ እንጀምር

በዚህ አገር አዲስ ተሹሞ መጥቶ «ከዜሮ እንጀምር» የማይል ሰው አይቼ አላውቅም። አዲስ ርዕሰ መምህር ሲመጣ የክፍሎቹ ቁጥር ይቀየራል። አዲስ የቀበሌ ሊቀ መንበር ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ወደ በሩ ያዞራል። አዲስ አማች እንኳ በመጣ በሳምንቱ የበጎቹ ማሰሪያ ቦታ ካልተቀየረ ብሎ ከአማቶቹ ጋር ይሟገታል። ለእነዚህ ሰዎች እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የኖርነው ኑሮ ሁሉ ስህተት ነው።

የሁሉም ቁንጮ ግን ክቡር አሰልጣኝ ፍቅሩ ናቸው።

የሸዋ ሮቢት ቡድናችን ጎል የሚያገባለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሽንኩርት ገበሬ ልጅ የሆነው ሙዐዊያ። እሱን ጉንፋን ሲይዘው ከተማው በሙሉ ያስላል። እኔ የቡድኑ ኮሚቴ አባል ነኝ፤ በኮሚቴው ውስጥ ያለኝ የሥራ ድርሻ ማጉረምረም ነው። ተሰብስበን አጉረመረምንና ለአጥቂ መስመሩ ብቻ ራሱን የቻለ አሰልጣኝ ይቀጠር ተባለ። ክቡርነታቸውም ከደጋ ወረዱ።

የወረዱት የቱታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው ዘግተው ነው። እኛ በካናቴራ እየቀለጥን ያ ዚፕ አንድም ቀን ዝቅ ሲል አላየንም። «ሙቀት የአስተሳሰብ ችግር ነው» ይሉናል፤ ላቡ ከአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ።

የመጀመሪያ ቀን ኳሶቹን በሙሉ ሰብስበው ዕቃ ቤት ቆለፉባቸው። «ከዜሮ እንጀምር! ኳስ የሚሰጠው ለገባው ነው።» ዋናው አሰልጣኝ ይህን ሰምቶ ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቀጥሎ ልምምዱ ከጠዋት ወደ እኩለ ቀን ተዛወረ፤ ጨዋታ የሚደረገው በፀሐይ ነዋ! ናሆም የሚባለው የግራ አጥቂያችን ሜዳው መሐል ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሜዳው ዳር ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሸክመን አስተኝተን ውኃ ስናፈስበት፣ ክቡርነታቸው በላዩ ጎንበስ ብለው ስለ አቋቋሙ ያስረዱት ነበር።

ከዚያ ገመዱ መጣ። ሦስቱን አጥቂዎች፣ ሙዐዊያን፣ ናሆምንና ኸይረዲንን፣ ወገባቸው ላይ በአንድ ገመድ አሰሯቸው። «የአጥቂ መስመር ከተባለ መስመር ይሁና!» አንዱ ሲሮጥ ሦስቱም ይሮጣሉ፤ አንዱ ሲደናቀፍ ሦስቱም ይዘረጋሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሥራ ፈትተው ሜዳው ዳር ቆመው «እስረኞቹ ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ» እያሉ ይስቁ ነበር። ማረሚያ ቤት ባለበት ከተማ ይህ ቀልድ ያስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያስከፋል።

በጣም የተከፋው ሙዐዊያ ነው። ክቡርነታቸው ጎል እንዳይመታ ከልክለውታል። ማቀበል ብቻ።

«ኮች፣ እኔ ካልመታሁ ማን ይምታ?»

«አንተ ባትኖርስ?»

«አለሁ እኮ!»

«ባትኖርስ ነው የምልህ! አንተ የሌለህ ቀን እነዚህ ምን ሊሆኑ ነው?»

ሙዐዊያ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ ወረወረው። «እንግዲያው አልኖርም» ብሎ ወጣ። ልምምድ መምጣቱን ተወና ከአባቱ ጋር ሽንኩርት መጫን ጀመረ።

የመንገዳችን ነገር ይታወቃል። ጠዋት ክፍት ነው፤ ከሰዓት ዝግ ነው፤ በመካከሉ ያለው ዕድል ነው። ሙዐዊያ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጦ ጀውሃን አልፎ ሲሄድ ተተኮሰ። ማን ተኮሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እዚህ የሚጠየቀው ማን ተመታ ነው። ሾፌሩ እዚያው ቀረ። ሙዐዊያን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከተማው በአንድ አፍ ክቡርነታቸው ላይ ፈረደ። «አንተ ባትኖርስ» ያሉትን ሁሉም ሰምቷል። ያሟረተበት እሱ ነው ያለ አለ፤ ባያስቀይመው መኪናው ላይ አይወጣም ነበር ያለ አለ። ሻይ ቤት ሲገቡ ወንበሮች ፊታቸውን ያዞሩባቸው ጀመር። እሳቸው አንድም ቀን እኔ አይደለሁም አላሉም። ልጆቹን በእኩለ ቀን እያሰለጠኑ፣ ዚፓቸውን እንደዘጉ፣ ቀጠሉ። የሦስቱ ገመድ የሁለት ሆነ።

ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ የሙዐዊያ እናት እትዬ ራቢዓ ናቸው። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ክቡርነታቸው የጣርማ በርን አቀበት ወጥተው ሐኪም ቤት ደረሱ። አልጋው አጠገብ ቆሙ። ሙዐዊያ ከተኛ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ እህልም በአፉ አይዞርም። ታዲያ ሰውየው፣ በዓለም ላይ ካለ ንግግር ሁሉ መርጠው፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ከዜሮ እንጀምር።»

ሙዐዊያ ዞሮ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ወረወረባቸው። ግንባራቸውን አገኛቸው።

«ልጄን የበላኸው አይበቃህም?» አሏቸው እትዬ ራቢዓ። «ውጣልኝ ከዚህ!»

«እወጣለሁ እትዬ። በሩ ላይ ነኝ።»

ወጥተው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የመኪና ሰዓት እስኪደርስ ተቀመጡ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሙዐዊያ ድምፃቸውን ሲሰማ ከአልጋው ሆኖ ይሰድባቸው ጀመር። እሳቸው ከኮሪደሩ ሆነው ይመልሳሉ።

«ገድለኸኝ ልትቀብረኝ ነው የመጣኸው?» ይላል ሙዐዊያ።

«ለመሳደብ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ አንተ ደግሞ አልበላህም» ይላሉ።

«በላሁ አልበላሁ ምን አገባህ?»

«ድምፅህ ከሩቅ አይሰማም። አሳፋሪ ነው።»

«ወላሂ» አሉኝ እትዬ ራቢዓ፣ «የዚያን ቀን ለንዴቱ ሲል በላ። የመጀመሪያ ጉርሻው ነበር። በሚቀጥለው ሲመጣ እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔው ነኝ።»

መንገዱ ረገብ ሲል የአጣዬ ልጆች ሊገጥሙን መጡ። የእነሱ ከተማ የተቃጠለ ጊዜ የሆነውን ስለምናውቅ በጭብጨባ ተቀበልናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን እነሱ አላዘኑልንም፤ ገና በጊዜ ሁለት ጎል አስቆጠሩብን። ክቡርነታቸው እኔ አጠገብ ቆመው ስልክ ይዘዋል። ድምፁን ከፍተውታል፤ በወዲያኛው ጫፍ ሙዐዊያ ነው። ጨዋታውን እያስተላለፉለት ነበር፤ ማስተላለፍ ከተባለ።

«ኮች፣ ምን ላይ ናቸው?»

«መስመሩ ወደ ቀኝ ተንጋዷል።»

«ኳሱ የት ነው?»

«ኳሱን ተወው!»

ከዕረፍት በኋላ ኸይረዲን ኳሱን ይዞ ሁለት ተከላካይ ስቦ ወደ ቀኝ ሸሸ። ዞር ብሎ ሳያይ ወደ መሐል አቀበለ። ናሆም እዚያ ነበር። አብረው ታስረው ስንት ጊዜ እንደወደቁ የሚያውቁ እነሱ ናቸው። ሜዳው ተናጋ።

«ጩኸት ሰማሁ!» አለ ስልኩ። «ማን አገባ?»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፈቱ። ስለ ማዕዘን ሊያስረዱ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ኮች፣ በአላህ፣ ማን ነው?»

አገጫቸው ዚፑ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩት።

«ናሆም ነው» አልኩት።

«በየትኛው እግሩ?»

«በግራው።»

ወዲያ በኩል አልጋው ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ኮችን ስጠኝ። ሁለተኛውን ከየት በኩል ማግባት እንዳለባቸው ልንገረው።»

ሁለተኛው አልገባም። ተሸነፍን።

በማግስቱ ኮሚቴው ክቡርነታቸውን ለማሰናበት ተሰበሰበ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ሽንፈቱ፣ ፀሐዩ፣ ገመዱ፣ የከተማው ሐሜት። ሊቀ መንበሩ በማጉረምረም ወደሚታወቀው ወደ እኔ ዞረና ሐሳብ ጠየቀኝ።

«ከመካከላችን ሙዐዊያን ሄዶ ያየው ማን ነው?» አልኩ።

አንዱ የመንገዱን ነገር አነሳ። አንዱ ሥራ በዝቶበት እንደነበር ተናገረ። ሙዐዊያን ትከሻችን ላይ ተሸክመን አደባባይ የዞርን ሰዎች ነን። ያን አቀበት የወጣው ልጁን ይጠላዋል ያልነው ሰው ብቻ ነበር። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ፤ ክቡርነታቸውም በሥራቸው ላይ ቀሩ። እስካሁን አንቱ የምላቸው ለፌዝ ነበር፤ አሁን አፌ ላይ ቀርቷል።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥን። ከደብረ ሲና ጀምሮ ሾፌሩን ኩርባ እንዴት እንደሚያዝ አስተማሩት። ማርሹን ነቀፉ። መሪ አያያዙን አረሙ። ሾፌሩ በመስታወቱ እኔን እያየ በዓይኑ ይማጸናል። ጉም ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው እኔ ፈርቼ የፊቴን ወንበር ጨብጬ ነበር፤ እሳቸው ፍሬን አጠቃቀም ላይ ደርሰዋል። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ፣ መቼም በጨለማው ዝም ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

አላሉም። ደስ አለኝ።