ለዩኒቨርሲቲ የተላከ ሽማግሌ

ሴት ልጁ ርቃ እንዳትማር ሰበብ የፈለገ አባት ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ወንድ ካለበት «ትባልጋለች» ነው። ሩቅ ከሆነ «ማን ያያታል?»፣ ቅርብ ከሆነ ደግሞ «ሁሉም ያያታል» ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የሰማች ልጅ ለሴቶች ተብሎ የተሠራ ዩኒቨርሲቲ ብታገኝ ምን የሚሏት ይመስላችኋል? «ማን ሊያገባት ነው?»

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አቶ ጌታነህ እዚህ ሲያትል፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ጎረቤቴ ነበሩ። ታክሲ ነጂ፣ ጸሎተኛ፣ ለተቸገረ ደራሽ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑማ መናደዱም ይቀለኝ ነበር። ልጃቸውን ሰላማዊትን፣ ድሮ ሴቶችን ለማስተማር ተብሎ የተቋቋመ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ እስከ አሜሪካ ደቡብ ድረስ ሄዳ ነርስነት እንድትማር ተቀበላት። ዕድሜዋ ገና አሥራ ሰባት ስለሆነ የወላጅ ፊርማ ያለበት ፎርም በአሥር ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። አባት «ገዳም ላስገባት ነው እንዴ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ልጅቱ እኔ ዘንድ መጣች። «እትዬ ዘነቡ፣ ሰው ለጋብቻ ሽማግሌ ይልካል አይደል? ሶ፣ እኔ ለዩኒቨርሲቲው ብልክስ?»

ሐሳቧ ደስ አለኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለመንኩና ሦስተኛዋ ራሴ ሆንኩ። ከሁለቱ አንዱ አቶ ተሰማ «ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት አገር ታየ?» ብለው ማንገራገራቸው አልቀረም። የምንሄደው ስለ ሴት አይደል ወይ ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። አቶ ጌታነህ ኮታቸውን ለብሰው ተቀበሉን። ወንዶቹን ሶፋው ላይ አስቀመጡና ወደ እኔ ዞረው፣ «ዘነቡ፣ እስቲ ጓዳ ግቢና አበበችን አግዣት» አሉኝ፤ ሚስታቸውን ማለታቸው ነው። አልገባሁም። ደሜ እየፈላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ አገር ቤት ተወራ፤ በመጨረሻ አቶ ተሰማ ጉዳዩን አሳምረው አቀረቡት። አቶ ጌታነህ አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ሲያበቁ፣ «አክብራችሁ መጥታችኋልና ልምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ብቅ በሉ» አሉ።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ልጅን ማርከስ ነው። ሙሽራ እንደሆነ ይጠብቃል። ፎርም ግን አይጠብቅም! ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት አቶ ተሰማ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ቀጠሮ ሰጡን እኮ፤ ደግ ምልክት ነው» አሉኝ። ደግ ምልክት! ስንቱ ሴት እንድትማር ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁም፣ እኛ በቀጠሮ እንዘጋዋለን። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው በዚያች ሰዓት ፊቴ ቢቆም ኖሮ በጥፊ አጮለው ነበር።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ሰላማዊት ፎርሙን ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እናቷ ወይዘሮ አበበች ሳህን ታጥባለች። የሆነውን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኳቸው። አበበች እጇን በቀሚሷ አደራረቀች።

«እስቲ አምጪው። የቱ ጋ ነው?»

ቀስ ብላ፣ ስሟን አሟልታ ፈረመች። ፎርሙ «ወላጅ» ነው የሚለው፤ አባት አይልም። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?»

ለሴት ልጅ እሟገታለሁ ብዬ ስወጣ፣ ስገባ፣ ወንድ ስለምን፣ እናቲቱን አንድ ቀን ምን ታስቢያለሽ አላልኳትም። ያን ሁሉ ቁጣዬን ማን ላይ ላውርደው?

ፎርሙ በማግሥቱ ፖስታ ቤት ገባ። በሁለተኛው ሳምንት በቀጠሯችን ሄድን። አቶ ጌታነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ስለ እናንተ ክብር ስል ፈቅጃለሁ» አሉና ረጅም ምርቃት አወረዱ። እኛም አሜን አልን። ከሁላችን ጎልቶ የተሰማው ግን ከጓዳ የመጣው አሜን ነበር።