የአያ ሰውመሆን ታንከር

በየሰፈሩ «አለቀለት» የምትለዋን ቃል ሳይማር ያረጀ አንድ ሰው አለ። እናንተ ሰፈር ከሌለ ደህና አድርጋችሁ አልፈለጋችሁትም። ይህ ሰው እጀታው የወለቀ መጥበሻ ወይም ድምፁ የታፈነ ሬዲዮ ካየ ፊቱ ይበራል። አዲስ ዕቃ ያስከፋዋል፤ ምኑ ይጠገናል? ወረታ ላይ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል ጎረቤቴ አያ ሰውመሆን ናቸው። እኔ በልቤ «ሊቀ ጠጋኝ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ።

አያ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። የፎገራን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር በሞተር ሲያካልሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሞተሩም አብሯቸው ጡረታ ወጣና በጨረታ ገዙት። ሌላ ተጫራች ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ጃንጥላቸው ሦስት ዓይነት ጨርቅ አለው። የፕላስቲክ ወንበራቸው በሽቦ የተሰፋ ስለሆነ የተቀመጠበትን እንግዳ ሱሪ ይቀድዳል፤ ያን ጊዜ ሱሪውንም ይሰፉለታል። «ለምን አይጣልም?» ያላቸውን ሰው እንደ ታመመ ሰው ትክ ብለው ያዩትና «ተጎዳ እንጂ አላለቀም» ይሉታል።

ከሁሉ የባሰው የሞተሩ የቤንዚን ታንከር ነበር። የቁሐር ሚካኤል ጭቃና የስንት ክረምት ውኃ በልቶታል። ቤንዚን በሃይላንድ ተለምኖ በሚገዛበት ዘመን የእሳቸው ሞተር ቆሞ ይጠጣል፣ ቆሞ ያፈሳል። ቀዳዳውን በልብስ ሳሙና ደፈኑት። ሳሙናው ሲለቅ በማስቲካ ደፈኑት። ማስቲካውን ያኘክሁት እኔ ነኝ፤ ጉርብትና ነው። ባለቤቴ ጽጌሬዳ ግን ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ስለሚሸት ክብሪት ለመጫር እንኳ በሩን ትዘጋ ነበር።

ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው እትዬ አምሳል ታመሙ። መጀመሪያ እግራቸው አበጠ፣ ቀጥሎ ፊታቸው። ባሕር ዳር ስንወስዳቸው ሐኪሙ አያን ለብቻቸው ጠራቸው፤ እኔም አብሬ ገባሁ። የእትዬ አምሳል ኩላሊት ሥራ እያቆመ ነው፣ ከእንግዲህ ቤታቸው ሆነው ቢታመሙ ይሻላል አለ። አያ በትዕግሥት አዳመጡትና «ተጎዳች እንጂ አላለቀችም» አሉት። በዚህች አባባል ስስቅ የኖርሁ ሰውዬ፣ የዚያን ቀን የምገባበት ጠፋኝ።

መስከረም ሲጠባ እትዬ አምሳል ከአልጋቸው ሆነው አንድ ነገር ለመኑ። ወንዛዬ ሄደው ፍል ውኃው ውስጥ መቀመጥ።

«መኪና ላስመጣልሽ» አሉ አያ።

«መኪና ያስመልሰኛል። በሞተሩ ውሰደኝ።»

«ሞተሩ ያፈሳል እኮ።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?» አሉ እትዬ አምሳል።

በማግስቱ ታንከሩ ተፈታ። አያ ቤንዚኑን ገለበጡና ጠጠር ጨምረውበት ሲንጡት ዋሉ። ሰፈሩ ተረበሸ። እትዬ አምሳል ከውስጥ «ሰውመሆን፣ ማኅሌት ቆምህ እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ አቼቶ ሞልተው አሳደሩት። ጧት ሲደፉት እንደ ጎርፍ የቀላ ዝገት ወጣ፤ ታንከሩን ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ደግሞ ወንፊት ሆኗል። ለካ ቤንዚኑን ይዞት የኖረው ዝገቱ ነበር።

ተያይዘን ወደ በያጁ ወደ ማርቆስ ሄድን። ማርቆስ ታንከሩን አሸተተው።

«አያ፣ ትነቱ አልወጣም። እሳት ካስጠጋሁት ይፈነዳል።»

«በሳሙናና በፈላ ውኃ ደጋግሜ አጥበዋለሁ።»

«ትነቱስ በዚያ ይወጣ ይሆናል። ብረቱ ግን ሳስቷል። አንዱን ቀዳዳ ስበይድ ሌላ ይከፈታል። ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል።»

አያ ታንከሩን እንዳቀፉ ቆሙ። ያቺን የለመድናትን ቃል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም። ቀስ ብለው «ሩቅ እንዲሄድ አይዶለም» አሉ። «ወንዛዬ ደርሶ ይመለስ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለገ ይሁን።»

ማርቆስ አየኝ። ከዚያ የወተት ጣሳ ፈልጎ ቆርቆሮውን ቆረጠ፤ ታንከሩ ታጥቦ ሲደርቅም ከሰል ላይ ባጋለው ብረት ስታኞ እያቀለጠ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ለጠፈበት። ውኃ ሞልተን አመድ ላይ አስቀመጥነው። አመዱ ደረቅ እንደ ሆነ ዋለ። አያ ግን ደስ አላላቸውም፤ ደጋግመው አመዱን ይነካኩ ነበር።

መንገዱ ደርቆ ሩዙ ቢጫ መሆን ሲጀምር ሄድን። እትዬ አምሳልን ከአያ ኋላ አስቀምጠን፣ ልጅ እንደሚታዘል በጋቢ ከወገባቸው ጋር አሰርናቸው። ቀልለው ነበር። እኔና ጽጌሬዳ በባጃጅ ተከተልን። አያ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ይቆማሉ፤ አህያ የጫነ ሰው ሰላም ብሎን አለፈ። እትዬ አምሳል ጉንጫቸውን አያ ጀርባ ላይ ጥለው ሜዳውን ያያሉ።

ፍል ውኃው ዘንድ ጽጌሬዳ ይዛቸው ገባች። ሲወጡ ፊታቸው ወዝቷል።

«ታንከርህስ?» አሉ።

«ጠብ አላለም» አሉ አያ።

የቀኝ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ቤንዚን ጠጥቶ ነበር። እትዬ አምሳል ወደ ሱሪው አዩ፣ ወደ እኔም አዩ። «ጎበዝ» አሏቸው።

በታኅሣሥ ቀበርናቸው።

ከዚያ በኋላ አያ ሰውመሆን ጸጥ አሉ። እንባውንስ እናውቅበታለን፤ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። የእጅ ባትሪያቸው ክዳን ተሰበረና ጣሉት። ሲጥሉት በዓይኔ አየሁ። የግቢው በር ማጠፊያ ወልቆ በነፋስ ሲላተም ይሰማሉ፤ አይነሱም። ሞተሩ ከግድግዳው ተደግፎ ቤንዚን እያፈሰ ሥሩ ያለውን ሣር አደረቀው። «ይህን ሞተር ምን እናድርገው?» ብላቸው «የፈለገ ይውሰደው» አሉኝ።

በጥር ለጉዳይ ባሕር ዳር ስሄድ አሮጌ የሞተር ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ለእኛ ሞተር የሚሆን ጠንካራ፣ ቀለሙ እንኳ ያልተነካ ታንከር አወረደልኝ።

«የሚያፈስ የለህም?» አልሁት።

በትክክል የሰማ አልመሰለውም፤ ደግሜ ነገርሁት። ከጓሮ አንዱን አምጥቶ ጫነብኝ፤ ያበድሁ መስሎት እስከ በር ሸኘኝ።

ስመለስ አያ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ታንከሩን እግራቸው አጠገብ አስቀመጥሁት። በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ቀጥሎ አነሱት፣ አገላበጡት፣ ወደ ፀሐይ ዘረጉት።

«ሳታየው ነው የገዛኸው?»

«አይቼዋለሁ። ደህና መሰለኝ።»

«እንዴት ደህና ይመስልሃል? በዚህ በኩል ፀሐይ እየገባ?»

«አላስተዋልሁትም።»

«አታለሉህ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበረበት፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም። «ሂድ፣ የሽቦ ብሩሽ አምጣ።»

ሰሞኑን በሰፈራችን የሚወራው እኔ ዕቃ መግዛት የማላውቅ ሞኝ መሆኔ ነው። አያ ለማርቆስ ነገሩት፣ ማርቆስ ለባጃጅ ነጂዎቹ ነገረ፤ ጽጌሬዳም ጨው ግዛ ብላ መላክ ትታለች። ትክክል ናቸው እላለሁ።