ጋሽ መቀስ የጫማውን ክር በገዛ እጁ ያሰረበት የስምንት ቀን ዘመቻ

ሊፍቱ በተበላሸ በአራተኛው ዓመት፣ አከራይቱ በሦስት ፎቅና በአንድ ምድር ቤት ላይ በነገሠች በዘጠነኛው፣ የደረጃው አምፖል በተቃጠለ በሰባተኛው ወር፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ ከፊት ለፊቱ እየዘለለ ላብ በሚያፈስበት በዘመነ ቪዲዮ፣ የልዑለ ማበጠሪያ፣ የሥዩመ መቀስ፣ የሞዐ ጽሕም ዘእምነገደ ምላጭ፣ ሰፈሩ በፍቅር ጋሽ መቀስ ብሎ የሚጠራው የፀጉር አስተካካዩ ዜና እንዲህ ተጻፈ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ። መሣቅ የሚሻም ቢኖር ቀስ ብሎ ይሣቅ፣ ነገሩ የአንድ ሰው የወገብ ጉዳይ ነውና።

ይህ ጋሽ መቀስ ሠላሳ ዓመት በሁለት እግሩ ቆሞ የሰው ራስ ያሳመረ፣ ሙሽራውንም ለቀስተኛውንም በአንድ ወንበር ያስተናገደ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ምላሱም የማያርፍ ሰው ነበረ። ነገር ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ ሆዱና ወገቡ ተጣልተው፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ እያሉ፣ ወደ ጫማው መጎንበስ ተሳነው። ጎንበስ ባለ ጊዜ እጁ ጉልበቱ ላይ ይደርስና እንደ ደከመው በቅሎ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ይላል። ስለዚህ በየማለዳው ሚስቱ፣ በቤቷ ልብስ እየሰፋች የምትውለው እመቤት ወለተ መርፌ፣ ተንበርክካ ታስርለት ነበር። ክር የሌለው ጫማ ለምን አያደርግም የሚል አንባቢ ቢኖር አፉን ይያዝ። ማጅራቱን ሊላጭ አንገቱን የደፋ ደንበኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የፀጉር አስተካካዩን ጫማ ነው፤ ጋሽ መቀስም የተወለወለ ባለ ክር ጫማ ካላደረገ እጁ ምላጭ አይጨብጥለትም።

ወበውእቱ መዋዕል፣ ማለትም በዚያ ሰሞን፣ የእመቤቲቱ ታናሽ እህት ከዐሥራ አንድ ዓመት ናፍቆት በኋላ ፀንሳ የመውለጃዋ ቀን ደረሰ፤ «እህትዓለም፣ ነይልኝ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ» ብላም ላከች። መንገዱ በአውቶቡስ አንድ ቀን ነው፣ ቆይታውም አንድ ወር ነው። እመቤት ወለተ መርፌም በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ይህን አዋጅ አወጀች፦ «ስማ አንተ ሰውዬ! እህቴ ጋ መሄድ አለብኝ። ግን ጫማውን ማሰር ያቃተውን ሰው ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? በሳምንት ውስጥ ራስህ ስታስር በዓይኔ ካላየሁ፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። አለቀ!» ይህንም ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ነገር ግን እህቷን እያሰበች አንዱን እጅጌ ሦስት ጊዜ ገልብጣ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ስትፈታ ጋሽ መቀስ አየ።

ወሬው ባል አግብታ ከሌላ ሰፈር ለምትኖረው ሴት ልጃቸው ደረሰ። እርሷም እየተቻኮለች መጥታ፣ ቤት ውስጥ ስፖርት የሚያሠራ ቪዲዮ በአባቷ ስልክ ላይ ጫነችና እንዲህ አወጀች፦ «አባዬ፣ ሰባት ቀን በነጻ ነው። ከጠቀመህ በየወሩ እየከፈልን እንቀጥላለን፤ ካልጠቀመህ ይሰረዛል። ደሞ ቀልድ የለም፣ በየቀኑ ነው!» ከዚያም ታክሲ እንዳያመልጣት ሮጠች። በስልኩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን እርሷም አላነበበችው።

በፊተኛይቱ ዕለት ማለዳ፣ አልጋው ወደ ጥግ ተገፋ፣ ምንጣፉም ተነጠፈ፣ ስልኩም በመስኮቱ ደፍ ላይ በጨው ዕቃ ተደግፎ ቆመ። በስልኩ ውስጥ ያለችው አሠልጣኝ አንዲት ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ባልና ሚስቱ በማያውቁት ቋንቋ የምትለፈልፍ፣ አጥንት ያላት የማትመስል ሴት ነበረች። እመቤቲቱም ባሏ ቢወድቅ የሚያነሣው እንዳይጠፋ ከጎኑ ቆማ፣ ዓይኗን በስልኩ ላይ ተከለች። ጋሽ መቀስ ግን ሠላሳ ዓመት ሰውን በመስታወት ካልሆነ አይቶ ስለማያውቅ፣ ፊት ለፊት የሚታይ ሰው ሁሉ የተጣመመ ይመስለው ነበርና፣ ለስልኩ ጀርባውን ሰጥቶ በቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመ፤ ከትከሻው በላይ በመስታወቱ ውስጥ የምትታየውን አሠልጣኝም ይከተል ጀመር። አሠልጣኟ በስልኩ ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ስለዚህ እመቤቲቱ ቀኟን ስትዘረጋ እርሱ ግራውን ዘረጋ፤ ሁለቱም ትክክል ነን አሉ።

ወዲያውም ወለሉ ተናወጠ። ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ሦስት ጊዜ መትተው፣ ይህ አዋጃቸው በደረጃው ተሰማ፦ «እናንተ! ቤቱን እየሠራችሁት ነው እያፈረሳችሁት? ቁርጡን ንገሩኝና ዕቃዬን ላውጣ!» ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላም ስልኩ ቅጭል አለ፤ አሠልጣኟ ተሰወረች፤ በእርሷም ፋንታ ከላይ እጀታ ያለው፣ ወርቅ የመሰለ ነገር በማያ ገጹ ላይ አበራ። እመቤቲቱ አተኩራ አየችውና «ቦርሳ ነው! ሸለሙን!» ብላ አወጀች። ጋሽ መቀስም ላቡን እየጠረገ ለተሰወረችው አሠልጣኝ በመስታወቱ በኩል እጅ ነሣ፤ ስልኩም ተዘጋ። እስከ ሰባተኛይቱ ዕለት በየማለዳው እንዲሁ ሆነ፤ እመቤቲቱም ቦርሳው መቼ በእጅ እንደሚደርስ በሆዷ ታሰላስል ነበር።

ወበሣልስት ዕለት፣ የጋሽ መቀስ ግራ ጎን ሁሉ ታመመ፤ ማበጠሪያ ማንሣት ሲቸግረው ደንበኛውን «እስቲ አንተ ራስህን ወዲህ አምጣልኝ» እያለ ይሠራ ነበር። በዚያን ቀን በፀጉር ቤቱ ታላቅ ጉባኤ ሆነ። በወንበሩ ላይ አንድ ጎኑ ተላጭቶ አንድ ጎኑ ገና የሆነው ፋርማሲስት፣ በአግዳሚው ላይ ክንዱን እንደ ጭን ያወፈረው ሥጋ ሻጭ፣ ከበሩ አጠገብ ሁለት ታክሲ ነጂዎች፣ በጥጉም አንድ ፀጉር ሳይኖረው ለወሬ ሲል በየቀኑ የሚመጣ፣ ስሙም በሰፈሩ ጨረቃ የተባለ ሰው ነበረ። የጉባኤውም ነገር፣ ለእንዲህ ያለ ቪዲዮ በየወሩ መክፈል ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚል ነበር።

ሥጋ ሻጩ ቀድሞ አወጀ፦ «መሬቱ የራስህ፣ ወገቡ የራስህ፣ ላቡ የራስህ! ታዲያ የምትከፍለው ለምኑ ነው?» ፋርማሲስቱም በአንገቱ ከታሰረው የፀጉር መቁረጫ ጨርቅ ሥር እጁን አውጥቶ መለሰ፦ «ተው ባክህ! እኔ ስንት ዘመን መድኃኒት ሸጥኩ። በነጻ የወሰደው ሰው መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል፤ የከፈለው ይውጠዋል። ሰው ካልቆጨው አይንቀሳቀስም።» ታክሲ ነጂዎቹም አንዱ ለዚህ አንዱ ለዚያ ወገኑ። በመጨረሻ ጨረቃ ከጥጉ ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አወጀ፦ «እኔ ፀጉር የሚያበቅል የማሳጅ ቪዲዮ ከፍዬ ሁለት ዓመት አይቻለሁ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም።» ጉባኤው ሁሉ ቀና ብሎ የጨረቃን መላጣ ተመለከተ፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። ፋርማሲስቱም ቀሪ ጎኑን ተላጭቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ጋሽ መቀስ ግን ከጉባኤው አልተማከረም። በአራተኛይቱ ዕለት እጁ ከጉልበቱ በታች ወረደ፤ በአምስተኛይቱ የግራ ቁርጭምጭሚቱን ነካ፤ በስድስተኛይቱም የግራ ጫማውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዞ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የተገናኙ ዘመዶች ይመስል፣ እልል አለ። እመቤቲቱም ደስ ብሏት ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች፤ ለሚወለደው ሕፃን የሰፋችውንም ትንሽ ልብስ አጥፋ አስገባች።

ወበሳብዕት ዕለት ልጅቱ እናቷን ለመሸኘት መጥታ፣ በማያ ገጹ ላይ የሚያበራውን ነገር ባየች ጊዜ እጇን በራሷ ላይ ጭና አወጀች፦ «እማዬ! ይሄ የጓጉንቸር ቁልፍ ነው እንጂ የምን ቦርሳ! በነጻ የሚታየው አንዱ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላውን ጎን ለመሥራት ክፈሉ ነው የሚለው!» ወዲያው ምርመራ ሆነ። ጋሽ መቀስ ግራውን ሲያጥፍ እስከ መሬት ታጠፈ፤ ቀኙን ሲያጥፍ ግን ያው የጥንቱ ቀኝ ሆኖ ከጉልበቱ ላይ ቆመ። እመቤቲቱ ደግሞ ቀኟ እንደ ክር ለስልሶ ግራዋ እንደ ምሰሶ ደርቆ ተገኘ። ልጅቱም የመስታወቱን ነገር ስትረዳ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሣቀች፤ «ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ጤነኛ ሰው ወጥቷችኋል!» ብላም አወጀች። ቢከፈልም ግን አንድ ሳምንት የጠየቀ ጎን በአንድ ማታ አይቀናም። እመቤት ወለተ መርፌ አልሣቀችም። «አንድ ጫማ አስሮ ሥራ የሚሄድ ሰው የት ታይቶ ነው? ነገ ጠዋት እንየው» አለች።

በስምንተኛይቱም ዕለት እመቤቲቱ ካፖርቷን ደርባ፣ ሻንጣዋን ይዛ በበሩ አጠገብ ቆመች። ጋሽ መቀስም በመካከል ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ግራ ጫማው ወረደ፤ ክሩንም ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ፣ እንደ ቢራቢሮ አድርጎ አሰረ። ወደ ቀኙ ዞረ፤ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ዳግመኛ ወረደ፤ ቆመ። በሦስተኛው ጊዜ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ እንጂ እጁ አልወረደም። እመቤቲቱም ሻንጣዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ የካፖርቷን ቁልፎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።

ያን ጊዜ ጋሽ መቀስ ዝም ቢል ኖሮ ሚስቱ ትቀርለት ነበር። ሦስተኛው ቁልፍ ሲፈታም ዝም ለማለት ልቡ ዳዳ። ይህ ጸሐፊ አይደብቅም፣ ዳዳ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን ተራመደ፤ ቀኝ እግሩን አንሥቶ በሻንጣዋ ላይ አኖረ፤ ክሩንም ያለ አንዳች ጭንቅ፣ ዓይን እስኪርገበገብ አሰረው። እግሩን ወደ ወለሉ መልሶም ቀጥ ብሎ ቆመ።

እመቤቲቱ እጇን ከቁልፎቿ ላይ አነሣች። በዚያ ቤት አራት ወንበር፣ አንድ በርጩማና ሁለት ደረጃ ያለው መሰላል እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉና። ጋሽ መቀስም በቆመበት፣ ወለሉን እያየ፣ ምላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተሳሰረ እንዲህ አወጀ፦ «ስድስት ዓመት በሙሉ በርጩማው ላይ አድርጌ ማሰር እችል ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስሰማ እውላለሁ፤ ማታ ስመጣ አንቺ መኪናሽ ላይ ነሽ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ጎንበስ ብለሽ የምትቆጪኝን... እሱን ማጣት አልፈለግኩም። ይኸው ነው። አሁን ሂጂ፣ እህትሽ ትጠብቅሻለች።»

እመቤት ወለተ መርፌም ቁልፎቿን ከታች ወደ ላይ እየቆለፈች መለሰች፦ «አንተ ደሞ! በርጩማው አጠገብ ተንበርክኬ ሳስርልህ የማላየው መስሎህ ነው? ዕውር ነኝ እንዴ?» ይህንም ብላ ተንበረከከች፤ ቀኝ ጫማው ላይ ያሰረውን ፈታች፤ እንደ ልማዷ ድርብ አድርጋ፣ በስፌት ሠራተኛ ጣት ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከዚያም ሻንጣዋን አንሥታ፣ ዞር ሳትል፣ የመጨረሻውን አዋጅ በደረጃው ላይ አወጀች፦ «እስክመለስ እንዳትፈታው!»

አልፈታውም። ወሩን ሙሉ ያቺን ጫማ በማንኪያ እጀታ እየገፋ ሲያጠልቅ፣ በበሩ ደፍ እየረገጠ ሲያወልቅ ኖረ። ጫማውም ከኋላው ተጨማደደ፤ አንገቱን የደፋ ደንበኛ ሁሉ አይቶ ጠየቀ፤ እርሱም ለአንዱም አልመለሰም። የቪዲዮው ክፍያ ያዋጣል ወይ ለሚለውም፣ ሁለተኛ ጎን ላለው ሰው እጅግ ያዋጣል ብሎ ይህ ጸሐፊ ፈርዶ ያልፋል።

አምባ የሰበሩ፣ ወንዝ የተሻገሩ፣ በአንድ ቀን ሺህ የማረኩ ጀግኖች በየመዝገቡ ሞልተዋል፤ የእነርሱን ታሪክ የሚጽፍም አይጠፋም። ሚስቱ እንድትቀርለት እየተመኘ፣ እንድትሄድ ብሎ ጫማውን ያሰረ ጀግና ግን ይህ ጸሐፊ ከአንድ በቀር አያውቅም። ልዑለ ማበጠሪያ፣ ሥዩመ መቀስ፣ መዋዔ ቁርጭምጭሚት ጋሽ መቀስ ዕድሜው ይርዘም፣ ምላጩ አይደንዝ፣ ወገቡም በሁለቱም ጎን ይታጠፍለት።