መሪጌታ ደንቡ ቧንቧ ተከትለው ሆቴል ገቡ

ሰውአገኝ ወላጅ እናታቸውን ቀጡ እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው፤ የሰው ስም በከንቱ አይጥፋ። የቀጡት ጡት ያጠቧቸውን ጎረቤታቸውን፣ እትዬ ብርቄን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ብርቄ ጠላ ሻጭ ናቸው፤ አተላቸውን ቦይ ውስጥ ደፉ። ደንብ አስከባሪያችን ሰውአገኝ ደግሞ ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ጡት አይደለም ወይ ያደግህ?»

«እትዬ፣ ጡቱን አመሰግናለሁ። አተላው ግን አንቀጽ አሥራ አንድ ነው።»

በየቀበሌው እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ካለ ያንገሸግሻል፤ ከሌለ ቦዩ ይሸታል። የእኛው የሚለዩት በአስተዳደጋቸው ነው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ዜማ ቤት ሲሆን፣ እዚያ አንዲት ቃል የዘለለ ተማሪ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ታዲያ የከተማውን የንጽሕና ደንብ እንደ ዳዊት ሸመደዱት። ሰፈሩም ማዕረግ አልነፈጋቸውም፤ «መሪጌታ ደንቡ» አላቸው።

ፒያሳ ላይ ባለባጃጁ አብዮት ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ቆሞ ሳለ ከኋላው «አንቀጽ ዘጠኝ!» የሚል ድምፅ ሰማ።

«ኧረ አያ ሰውአገኝ፣ ልጨርስ እንጂ!»

«ጨርስ፤ ቅጣቱ በሊትር አይደለም።»

ለቅሶ ቤት እንኳ ሲሄዱ የእጅ ውኃ የሚደፋበትን ቦታ ካሳዩ በኋላ ነው «እግዜር ያጽናችሁ» የሚሉት። ሟቹም ቀና ቢል አንድ አንቀጽ ሳይጠቅሱበት አይቀሩም ነበር። እኛማ ሥላሴን ደጅ የጠናንባቸው ቀን አለ፤ «ከዚህ ሰፈር አንሱልን» ብለን።

ጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሰፈራችን ወደ ቀሐ ወንዝ የሚወርደው ጅረት ገማ። የቀበሌው ኃላፊ አቶ አስማረ ገና ሳያዩት ጥፋተኛውን አወቁ። «ጠላ ሻጮቹ ናቸው። አጣርተህ ሪፖርት አምጣ፤ ቤታቸው ይታሸጋል» አሉ። እትዬ ብርቄ ከዚያ ጠላ በቀር የሚኖሩበት ነገር የላቸውም።

አጣራ የተባለ ሰው ያጣራል ብሎ ማሰብ የዜማ ቤት ስሕተት ነው። መሪጌታ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ጅረቱን ሽቅብ ወጡ። የእትዬ ብርቄን ደጅ አለፉ፤ ሽታው ባሰ። ጥቂት እንደሄዱ ድንጋይ የተከመረበት ወፍራም ቧንቧ አገኙ። ቧንቧውን ተከትለው ሲወጡ አዲሱ ሆቴል ጓሮ ደረሱ፤ የቀበሌው ስብሰባ ሁሉ ምሳ የሚበላበት ሆቴል ነው። እዚያው ቆመው የቅጣት ወረቀት ጻፉ።

አቶ አስማረ ወረቀቱን አይተው ሳቁ።

«ሰውአገኝ፣ ይህ እኮ የበዓሉን እንግዳ የሚያሳድርልን ሆቴል ነው። ቅደደውና ጠላ ሻጮቹን ጻፍ።»

«ሽታው የሚነሣው ከጠላ ቤቶቹ በላይ ነው። ውኃ ሽቅብ አይፈስም።»

«እንግዲያው ዩኒፎርሙን አስረክብ።»

በሳምንቱ ነዋሪው ተሰበሰበ። ጅረቱን የበከሉት ጠላ ሻጮች መሆናቸው፣ ቤቶቹም ከነገ ጀምሮ እንደሚታሸጉ በሪፖርት ተነበበ። ተጨበጨበ። አጨብጫቢዎቹ እኛው ነን፤ ገሚሶቻችን ከዚያው ጠላ ስንቀምስ ያረፈድን። እትዬ ብርቄ ከፊት ወንበር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

ያኔ ሰውአገኝ ተነሡ። ዩኒፎርሙን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እንደ ልብሰ ተክህኖ ታጥፎ አመጡትና አቶ አስማረ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ተው ልጄ፣ እንጀራህ ነው! የእኔስ ይታሸግ!» አሉ እትዬ ብርቄ።

ሰውአገኝ ዞረው አላዩዋቸውም። ያለዚያ ሰማያዊ ኮት ትከሻቸው የልጅ ትከሻ ነው ለካ። ስንት ዘመን የፈራነው ኮቱን ኖሯል። ሰውዬውንስ እንወዳቸው ነበር፤ ማወቃችን ዘገየ እንጂ። «ልክ ናቸው» ለማለት ግን ያን ዕለትም አልረፈደም ነበር። ጫማ ጫማችንን አየን።

እሳቸው ደብተራቸውን ገለጡ፣ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። ፌዝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው።

«ሆቴሉን አይመለከትም የሚለው ስንተኛው አንቀጽ ነው? ንገሩኝና ልጻፈው።»