ልጄ እንድትሸነፍ የተሳልኩበት ክርክር

አሜሪካን አገር ልጅ አሳድጋለሁ የሚል ወላጅ ራሱን እያታለለ ነው! እዚህ የሚያድገው ዐቃቤ ሕግ ነው። አብልታችሁ፣ አልብሳችሁ፣ ጥርሱን በሽቦ አሳስራችሁ ታሳድጉታላችሁ፤ ነፍስ ሲያውቅ መጀመሪያ የሚከሰው እናንተኑ ነው። "የእኔ ልጅ እንኳ ጨዋ ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ ልጃችሁ ገና ዲቤት ክለብ የሚሉት የክርክር ክበብ አልገባም ማለት ነው። ቆዩ፣ ትደርሱበታላችሁ...

የእኔዋ ሶልያና ትባላለች። አሥረኛ ክፍል ናት። በቀደም እራት ላይ፣ "ዳዲ፣ ለዲቤቱ ቶፒክ ደረሰኝ" አለችኝ።

"ጎበዝ! ምንድን ነው?"

"ትልልቅ የታሪክ ሰዎች ናቸው። ካራክተራቸው ጥሩ ነው ወይ፣ ሰው እንደነሱ መሆን አለበት ወይ... ላይክ፣ እንደዛ። ሰውየው በዕጣ ነው የሚደርሰን።"

"ለአንቺ ማን ደረሰሽ?"

"ጂሰስ።"

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! "ሰብለ! ሰማሽ? ልጅሽ ስለ ክርስቶስ ልትመሰክር ነው!" ብዬ ባለቤቴን ከኩሽና ጠራኋት።

"ኖ፣ ዳዲ። ማለቴ... በመጀመሪያው ዙር አጌንስት ነኝ።"

"አጌንስት ማለት?"

"እንደሱ መሆን የለብንም ብዬ ነው የምከራከረው።"

የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሰብለ ጀርባዬን ስትደልቅ ቆይታ፣ ትንፋሼ ሲመለስ የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል "ትምህርት ቤቱን እከሳለሁ!" የሚል ነበር።

"ተው እንጂ፣ ልጅቷ ትምህርቷን ነው የምትማረው" አለች ሰብለ። እሷ እንዲህ ናት። ቤቱ ቢቃጠል "ቢያንስ ይሞቀናል" የምትል ሴት ናት።

እኔ ግን ዘዴ ዘየድኩ። ልጅቷን በክርክር አሸንፌ ሐሳቧን ላስቀይራት! እንግዲህ እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ፣ ጾም የማልገድፍ ሰው ነኝ። "ነይ፣ ከእኔ ጋር ተለማመጂ" አልኳት።

"ኦኬ። ዳዲ፣ ልጅ እያለ ለእናቱ ሳይናገር ቤተ መቅደስ ቀርቷል። ሦስት ቀን ፈልገውታል። ሲያገኙት ደግሞ 'ለምን ፈለጋችሁኝ?' ነው ያለው። እኔ እንደዛ ባደርግ ምን ትላለህ?"

"እሱ እኮ በአባቱ ቤት ነው የነበረው! እንዳንቺ ሞል ለሞል ሲዞር አይደለም!"

"ሶ፣ ቸርች ከሆነ ሦስት ቀን ብጠፋ ኦኬ ነው?"

"...ቢያንስ ቴክስት አድርጊ!"

አያችሁ? ወጥመድ ናት! ገና ከዚያ ሳልወጣ ወደ ሥራዬ መጣች። እኔ ኤርፖርት ውስጥ የሻንጣ ሱቅ ነው የምሠራው።

"ዳዲ፣ አንድ ሰውዬ ሱቃችሁ ገብቶ ጠረጴዛውን ቢገለብጥ፣ ሰዎቹን በጅራፍ ቢያስወጣ ምን ታደርጋለህ?"

"ሴኩሪቲ እጠራለሁ!"

"ቴንክ ዩ" ብላ ጻፈችው። እግዜር ያሳያችሁ! ጌታን በራሴ አንደበት ለሴኩሪቲ አሳልፌ ሰጠሁት! በንዴት ጠረጴዛውን እየደበደብኩ፣ "የእሱ ዋናው ነገር ትሕትና ነው! ትሕትና! ገባሽ? ትሕ-ት-ና!" ብዬ ስጮህ፣ ከታችኛው ፎቅ የሚኖረው ሽማግሌ ጣሪያውን በዘንግ ደቃው።

ምን ላድርግ? ተሳልኩ። "ልጄን ካሸነፍክልኝ ለደብራችን ጃንጥላ አገባለሁ" አልኩ። በዚህ ክፍለ ዓለም ልጁ ክርክር እንድትሸነፍለት የተሳለ አባት ከእኔ ሌላ ካለ ይደውልልኝ፤ ማኅበር እናቋቁማለን።

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከዩለስ ክርክሩ ወደሚካሄድበት ወደ ኧርቪንግ ስንነዳ አንዱ ፒክአፕ ምልክት ሳያሳይ ዘው ብሎ ገባብኝ። ጥሩምባዬን ነፋሁ... መንፋት ብቻ አይደለም፣ መስኮት አውርጄ በሁለት ቋንቋ ሰደብኩት። ሰብለ ከዚያ ቀጥታ ሥራ ስለምትገባ የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ዩኒፎርም ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣለች። "ይቅር በለው፣ ቸኩሎ ይሆናል" አለችኝ።

"እኔ ክርስቶስ ነኝ እንዴ ይቅር የምለው?" አልኳት።

ከኋላ ወንበር ስክሪብቶ ወረቀት ሲጭር ሰማሁ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ክርክሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ፈረንጅ ናት። ሶልያና ተነሥታ ስትናገር፣ እንግሊዝኛውን ወደኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

"አርአያ ማለት ሰው ሊከተለው የሚችል ነው። የማውቀው አንድ በጣም ሃይማኖተኛ ሰው አለ። ይቅር በል ሲባል 'እኔ ክርስቶስ ነኝ እንዴ?' ይላል። የሚወዱት ሰዎች እንኳን ስሙን የሚጠሩት እንደሱ ላለመሆን ምክንያት ሲፈልጉ ከሆነ፣ ለማን ነው አርአያ የሚሆነው?"

ክፍሉ ሳቀ። ዳኛዋም ሳቀች። እኔ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ... ጫማዬ ማሰሪያ የሌለው ነው።

አሸነፈች። ሰብለ አቅፋ ሳመቻት፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ "እንግዲህ..." አልኩ።

"ዳዲ፣ ዘና በል። አሁን ቦታ እንቀያየራለን። በሁለተኛው ዙር አርአያ ነው ብዬ ነው የምከራከረው።"

ነፍሴ ተመለሰች! ሁለተኛው ዙር እስኪጀመር ኮሪደሩ ላይ ይዤ ያልነገርኳት ነገር የለም። "ፍቅር በይ! ይቅርታ በይ! ትሕትናን እንዳትረሺ!" ስል፣ እሷ "ኦኬ ዳዲ፣ ኦኬ ዳዲ" ትላለች። ስንገባ ፊት ወንበር ያዝኩ።

ጥሩ ጀመረች። ችግሩ የመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ተፎካካሪዋ ቀጭን፣ ዓይኗ የማይርገበገብ ልጅ ናት። "ቃሉ ቆንጆ ነው" አለች። "በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይንሽ ያየሽው፣ እሱን አርአያ አድርጎ የሚኖር አንድ ሰው ጥሪልኝ።"

ሶልያና ወረቀቷን አስቀመጠች። እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ክራባቴን አስተካከልኩ። ትሕትና እንዲታይብኝ ጭንቅላቴን በትንሹ ዘንበል አደረግኩ። ልጄ ወደኛ ዞረች፣ አየችኝ፣ አየችኝና...

"እናቴ" አለች።

"ምን አድርጋ?" አለች ልጅቷ።

"ከእኛ በታች የሚኖር ሽማግሌ አለ። ምግባችን ይሸታል ብሎ ለአፓርትመንቱ ቢሮ ከሶናል። ባለፈው ዓመት ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሰው የለውም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ እሱ ጋ ትገባለች። ጎንበስ ማለት ስለማይችል የእግሩን ጥፍር የምትቆርጥለት እሷ ናት። አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ አየኋት። መሬት ላይ ተቀምጣ ጥፍሩን እየቆረጠች፣ እሱ አሁንም ምግባችሁ ይሸታል ይላታል። እሷ 'ሌላኛውን እግር ስጠኝ' ትለዋለች።"

ቀጭኗ ልጅ ወረቀቷን አየች፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። "ሌላ ጥያቄ የለኝም" ብላ ተቀመጠች።

ሰብለ ፊቷ ቀልቶ፣ "ይቺ ልጅ መቼ አየችኝ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔስ መቼ አየኋት? እኔ እኮ እሷ ስታመሽ ሃይዌይ 183 ላይ ትራፊክ ይዟት ነበር የሚመስለኝ! ስንት ጊዜ "ምነው በሌላ መንገድ ብትመጪ?" ብያታለሁ። እሷ ደግሞ "እሺ" ነው የምትለኝ።

ሁለተኛውንም ዙር አሸነፈች። በዚህኛው አጨበጨብኩ፤ ዳኛዋ በዓይኗ እስክትገስጸኝ ድረስ አጨበጨብኩ። ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ጀመር። መኪና ውስጥ ገብተን ከፓርኪንጉ ሳንወጣ አላስችል አለኝ።

"ሶሊዬ፣ በጣም ኮርቼብሻለሁ። እናትሽን መጥራትሽም ጥሩ ነው፣ ይገባታል። ግን... ማለቴ... እኔም እኮ እዚያው ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ነበር።"

"አይ ኖው፣ ዳዲ። አስቤ ነበር።"

"ታዲያስ?"

"የአንተን ስም ብጠራ ልጅቷ 'ምን አድርጎ?' ብላ ፎሎው አፕ ትጠይቀኛለች።"

ሰብለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ የምታለቅስ እንዳይመስላችሁ!