ጂን የሚገባበት ሩዝ

ግማሹን ሰምተው ሙሉውን የሚፈርዱ ሰዎች አላጋጠሟችሁም? እኔን ግን ንግሥታቸው ወይዘሮ አስካለ ሮም ውስጥ፣ ፒኜቶ ሰፈር ባለው ቤታቸው እሑድ ምሳ ጋብዘውኝ ነበር።

እየበላን ሳለ ዩኒቨርሲቲ እርሻ የምታጠናው ልጃቸው ሶፊያ እየዘለለች ገባች።

«እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ላቦራቶሪ እገባለሁ! ሩዝ ውስጥ ጂን ልናስገባ ነው!»

ወይዘሮ አስካለ ጭልፋውን ጣሉት። «በስመ አብ! የጣሊያን ሽማግሌ እየጦርኩ፣ እያጠብኩ ያስተማርኩሽ አጋንንት እንድትጎትቺ ነው?»

እውነቴን ነው፣ ሳህኔ ላይ ያለው ሩዝ ዐይን ዐይኔን ያየኝ መሰለኝ።

ሶፊያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ይሄኛው ጂን ሰይጣን አይደለም፣ እማዬ። ተክሉ ምን እንደሚያፈራ የሚያዝ ነገር ነው። ከበቆሎ ወስደን ሩዙ ቫይታሚን ኤ እንዲኖረው እናደርጋለን። ሩዝ ብቻ የሚበሉ ሕፃናት ዐይናቸው እንዳይጠፋ።»

ወይዘሮ አስካለ ድምፃቸው ቀነሰ። «ዳፍንት ነው የምትዪው? እህቴን ሲመሽ ግድግዳ ያስዳብሳት የነበረው?»

«አዎ፣ እሱ።»

እልልታቸው ሕንፃውን አናጋው!

«አሎራ፣ እንግዲያስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና አስገቢ!»

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው!»

«የዐይን ነገር እሑድ አያውቅም!» አሉና ቦርሳዋን አንስተው በሩን ከፈቱላት።